ባንዲራው ዝቅ ያላለላቸው

የመነሻው ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የሻምበሉ አዛዥ ብዙ አላወራም። ሲነጋ ከፊታችን ያለውን ኮረብታ እንደምንይዝ፣ ጥይትና ውሃ እንድናሟላ ነግሮን ሄደ። የድንበሩ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከትውልድ አገራችን ከቡሬ ዙሪያ አብረን ተመዝግበን የዘመትን አሥራ አንድ ልጆች በአንድ ሻምበል ውስጥ ነበርን። ከአጠገቤ የማይጠፋው ሙሉቀን ዘለቀ ነው። የአባቱን ማሳና የእኛን ማሳ የሚለየው አንድ ቦይ ብቻ ነበር።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሣን። መድፉ ቀድሞን ነበር። ዝም ሲል ሮጥን። የኮረብታው ወገብ ላይ ስንደርስ መትረየስ ያዘን። ተኛን። ተነሣን። ደግሞ ተኛን። ሙሉቀን በስተግራዬ ወደቀ። ሆዱን ነበር የተመታው።

«ላባቴ አንተ ንገራቸው። ከሌላ ሰው አይስሙ» አለኝ።

እሺ አልሁት። ቁስለኛ ትታችሁ ውጡ ተብለን ስለነበር ትቼው ወጣሁ።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። ባንዲራ ተከልን። ከእኛ አንዱ፣ ከታች ለቀሩት ልጆች ትንሽ ዝቅ ብናደርገው ምን ይመስልዎታል ብሎ አዛዡን ጠየቀ። አዛዡ አልተቆጣም።

«እዚህ ዝቅ ካለ ማዶ ያሉት ሊሸሹ ነው ይላሉ። ለሞቱት አገር ቤት ይደረግላቸዋል» አለ።

አመንነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮረብታውን ልቀቁ ተባልን። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባንዲራውን ነቅለን በሌላ በኩል ወረድን። አስከሬን ለማንሣት ጊዜ አልተሰጠንም።

ጦርነቱ ሲያልቅ በእግሬ ቁስል ተሰናበትሁና ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርሁ። መንግሥት ራሱ መርዶውን እስኪያረዳ ድረስ ስለ ሞተ ሰው እንዳትናገሩ ተብለናል። የሙሉቀን አባት አያ ዘለቀ ለገበያ በመጡ ቁጥር በሩ ላይ ቆመው ስለ ልጃቸው ይጠይቁኛል። በግንባር ተለያይተን ነበር እላቸዋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አልኋቸው። በመጨረሻ ከሌሎች ወላጆች ጋር አዳራሽ ተጠርተው መርዶውን ተረዱ። በዚያ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ባንዲራ ከምሰሶው ጫፍ ላይ ነበር።

ጧት መስቀሉ፣ ማታ ማውረዱ የእኔ ሥራ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሞተና ባንዲራው ሦስት ቀን ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊያችን ራሳቸው ወጥተው አሳዩኝ። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ እስከ መሐል ይወርዳል። ማታም ከመውረዱ በፊት መልሶ ጫፍ ይነካል። መቼ መቼ ነው እንዲህ የሚደረገው ብዬ ጠየቅኋቸው። የሐዘን ቀን ከላይ ሲታወጅ ብቻ ነው አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን አያ ዘለቀ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት መጥተው በበሩ አለፉ። ባንዲራውን አሻቅበው አዩና ማን ሞቶ ነው አሉ። ነገርኋቸው። ነፍሱን ይማረው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ለነሙሉቀን ስንት ቀን ዝቅ አደረጋችሁት?» አሉኝ።

«ትእዛዝ አልመጣም፣ አያ» አልሁ።

ገመዱን አዩ፤ እጄን አዩ። ያን ጊዜ አላስችል ብሎኝ የደበቅሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። አብሬው እንደነበርሁ፣ እሳቸው ከእኔ አፍ እንዲሰሙ እንደለመነኝ፣ ከነነፍሱ ትቼው እንደወጣሁ። አቀርቅረው ሰሙኝ።

«እናቱ ይመጣል እያለች ደጅ ደጁን ስታይ፣ መርዶው ሳይደርስ ሞተች። ነግረኸን ቢሆን አልቅሳለት ትሞት ነበር» አሉ።

ይቅር አላሉኝም፤ አልረገሙኝምም። ዱላቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አልመጡም።

ከአሥራ አንዳችን ስድስቱ በዚያ ኮረብታ ቀሩ። አንዱ ስንወርድ ሞተ። አንዱ ሆስፒታል ከገባ በኋላ አረፈ። ሦስት ተመለስን። የስድስቱ አፅም የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ፍለጋውንም ትቻለሁ። እናንተ የሰፈር ልጆች ባንዲራ መቼ ዝቅ ይላል ብላችሁ ስትጠይቁኝ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ነው እላችኋለሁ። ሃያ ዓመት ገመዱን የያዝሁት እኔ ነኝ። አንድ ጧት፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ፣ በራሴ ፈቃድ ዝቅ አላደረግሁትም። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው።