አመድ የሚያወጣው ሽማግሌ

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ጥሎን በሄደ ዓመት፣ ሙት ይመላለስበታል በሚባል ቤት ውስጥ አንድ የበረዶ ወራት ኖርን። እዚሁ ኮሎምበስ ነው። ሰዎች አድረው፣ ጠዋት ቁርስ በልተው የሚሄዱበት አሮጌ የጡብ ቤት ነበር። እናቴ ክፍሎቹን ታጸዳለች፤ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ሰይድ ምድጃውንና ጓሮውን ይይዛል። ለዚህ ከኩሽናው ጀርባ አንዲት ክፍል ተሰጠችን። ከእሷ ሌላ የምንሄድበት አልነበረንም።

የቤቱ ባለቤት ሚስ ካሮል የምትባል አሮጊት ነበረች። ሲመሽ እንግዶቿን ሳሎን ሰብስባ፣ መብራቱን ቀነስ አድርጋ፣ ባሏ ጦር ሜዳ ስለቀረባት ሴት ታወራለች። ሴትየዋ ከሞተችም በኋላ ፎቅ ካለው መስኮት ሆና ትጠብቀዋለች። ሰው ከጎረቤት ከተማው ከደብሊንና ከዚያም ርቆ የሚመጣው ለእሷ ነበር። ቡክ ሲያደርጉም የመስኮቱን ክፍል ለይተው ይጠይቃሉ።

እኔ የምሰማው ሌላ ተረት ነው። እንግዶቹ እራት ሊበሉ ሲወጡ ጋሼ ሰይድ ባዶው ሳሎን ገብቶ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ፍሙን በብረት እየገላለጠ፣ ስለ ወሎ ጂኒዎች ያወራኛል። ያኔ የርጥብ እንጨት ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ጥላችን ግድግዳው ላይ እየረዘመና እያጠረ፣ ስለ ትምህርት ቤቱም ስለ አባቴም ሳላስብ የምቆየው ያቺን ሰዓት ብቻ ነበር። የእሱ ጂኒዎች አያስፈሩም። ልጅ ይድራሉ፣ ይጣላሉ፣ ከብት ይጠፋባቸዋል። ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ የፈላ ውሃ ስትደፋ፣ አመድ ስታወጣ፣ ገለል እንዲሉ ቢስሚላህ በል ይለኛል። ራሱም ባልዲውን ይዞ በጓሮ በር ሲወጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይለዋል።

ሚስ ካሮልን ያዝንላት ነበር። ሙት ያስቸገራት፣ የሚረዳት ያጣች ሴት አድርጎ ነው የሚያያት። አንድ ቀን ገበያ ስትሄድ ፎቅ ወጥቶ በየክፍሉ ቁርአን ቀራ። ሲመሽ እንግዶቹ በተሰበሰቡበት በሩ ላይ ቆመና፣ ደስ ብሎት፣ በሚያውቃት እንግሊዝኛ፣ «ሌዲ ፊኒሽ። ጎን። ስሊፕ ጉድ» አላቸው።

የመስኮቱን ክፍል የያዙት ባልና ሚስት ሻንጣቸውን ሰብስበው ሄዱ።

«ያለ ደሞዝ የምትሠራልኝ እሷ ብቻ ነበረች» አለችው ሚስ ካሮል። «እሷን አባረርክብኝ!» የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ሳምንቱ ሳያልቅ እንድንወጣም ነገረችን።

«ጋሼ፣ እንኳን እሷን እኛንም አስወጣኸን» አለች እናቴ።

«ሰው ተቸግሮ እያየሁ ዝም ልበል?»

«ችግሯ እኮ እንጀራዋ ነው!»

በማግስቱ ማታ እናቴ ዕቃችንን በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ስትሞላ፣ እሱ እንደ ልማዱ ቀን የዛቀውን አመድ በጓሮ በር አወጣ። ሳሎን የነበሩት እንግዶች ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሽማግሌ በማያውቁት ቋንቋ ሲያጉተመትም ሰሙ። አንዷ ጮኸች። ከዚያ ተሳሳቁ፤ ተጠጋግተው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ሚስ ካሮል ማን እንደሆነ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ፊታቸውን አየችና ዘጋችው።

በነጋታው ጠዋት ኩሽና መጥታ መቆየት እንደምንችል ነገረችን። ጋሼ ሰይድ ግን ለእንግዳ እንዳይታይ። ሲመሽ አመዱን ያውጣ፤ የሚለውንም ይበል። ይህንንም ተረጎምኩ። እሱ በአገሩ ሳለ የተጣላ ሰው የሚያስታርቅ፣ ሲገባ ሰው የሚነሳለት ሽማግሌ ነበር።

«ዋሽ አላለችኝም» አለ። «የምለው ቢስሚላህ ነው።» ከረጢቶቹን አየና እናቴን፣ «ዕቃውን መልሺው» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሳሎን ገብቶ አልተቀመጠም። እንግዶቹ እሳቱን ሲከቡ እኛ ክፍላችን ውስጥ መብራት አጥፍተን እንቀመጣለን፤ በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን እግሩን ብቻ ያሳየኛል። ተረት ንገረኝ ስለው፣ «ደክሞኛል፣ ልጄ» ይላል። ያኔ የተቀየመኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከሥራ ስገባ ለልጄ የምሰጣት መልስ ይኸው ነው።

በረዶው ሲሟሟ እናቴ ሌላ ሥራ አገኘች፤ ወጣን። ጋሼ ሰይድ ከዓመታት በኋላ ታሞ ሞተ። ተረቱን ግን አልቀጠለልኝም።

አምና ልጄ ትምህርት ቤት ስለዚያ ቤት ሰምታ ካልሄድን አለችኝ። እዚያ መኖሬን አልነገርኳትም። ቡክ አደረግኩና ሄድን። ሚስ ካሮል ሞታለች፤ ቤቱን የገዛው ወጣት ሳሎን ሰበሰበን፣ መብራቱን ቀነስ አደረገ፣ ከግድግዳው ጀርባ ማንም በማያውቀው ቋንቋ እያጉተመተመ አመድ ስለሚያወጣ ሽማግሌ አወራልን። ምድጃው አሁን በጋዝ ነው የሚነደው፤ አመድ የለውም።

«ዳዲ፣ አር ዩ ስኬርድ?» አለችኝ ልጄ እጄን ይዛ።

አልፈራሁም አልኳት። ወጣቱን፣ መስኮቱ ላይ ሆና ባሏን ስለምትጠብቀው ሴት ጠየቅኩት። ሰምቶም አያውቅም።

ሴትየዋ የለችም። እዚያ ቤት የቀረው ጋሼ ሰይድ ነው።