ከወይራው ሥር ያለው ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ እሳት ከመዳፈኑ በፊት ተረት የማይሰማበት ቤት ያለ አይመስለኝም ነበር። ቤታችን ከቡሬ ወረድ ብሎ፣ ከጊዮርጊስ ደብር ቅጥር ሥር ነበር። አያቴ ቄስ አለምነህ የደብሩ ቄሰ ገበዝ፣ ማለትም የንዋየ ቅድሳቱ ሁሉ ጠባቂ ስለነበሩ ከዚያ ቅጥር ብዙ ርቀው አያውቁም። ሲመሽ ከምድጃው አጠገብ በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ይጀምሩልናል። ጅቡ ግን ብዙ አይቆይም። ሁለት ሦስት ተረት ካለፈ በኋላ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ እሳቱም ያኔ ከነበልባል ወደ ፍም ይወርዳል፣ እኔም የምትመጣዋን ወሬ አውቃት ስለነበር ወደ እናቴ ነጠላ እጠጋለሁ።

ወሬዋ ይቺ ነበረች። ጣልያን ወደ አገሩ ሲገባ የደብሩ ካህናት ቤተ ክርስቲያኑ ይዘረፋል ብለው ሰጉ። ሦስት ካህናት፣ አንዱ የአያቴ አባት መምሬ ይግዛው፣ ትልቁን የወርቅ መስቀል በሣጥን አድርገው ከቅጥሩ ውስጥ ቀበሩት። ከመለያየታቸው በፊትም በግዝት ተሳሰሩ፤ ሦስታችን አብረን ካልቆምን በቀር ያወጣውም ቦታውን ያሳየውም የተወገዘ ይሁን ተባባሉ። አንዱ እንዳይከዳ መላ መምታታቸው ነበር። ሁለቱ በዚያው በጦርነቱ ዘመን ሞቱና መምሬ ይግዛው ብቻቸውን ቀሩ። ጣልያን ሲወጣ ሕዝቡ «መስቀላችንን ያውጡልን» አላቸው። እሳቸው ግን «ያሰሩኝ ሙታን ናቸው፤ ሕያው ሊፈታኝ አይችልም» አሉ። ጳጳሱ ይፍቱዎት ቢባሉም አሻፈረኝ ብለው፣ አፋቸውን እንደዘጉ ተቀበሩ።

አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ። «እኔ ያኔ ያንቺን ያህል ነበርኩ» ይሉኛል። «አባቴ ሲጠፉ አድረው ጎህ ሲቀድ ገቡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር ነበር። ውኃ ያፈሰስኩላቸው እኔ ነኝ።» ከዚያ አመዱን ሰብስበው ፍሙን ይዳፍኑታል፣ ቤቱም ይጨልማል።

እሳቸው ያልነገሩንን ደግሞ ሰፈሩ ነገረን። መምሬ ይግዛው መስቀሉን ለጣልያን ሸጠውታል ይባል ነበር። በየድግሱ ጠላው ሞቅ ያደረገው አንዱ ይነሣና «የመስቀል ሻጭ ዘር!» ብሎ ይወጋናል። አያቴ በዕውቀታቸውም በጾማቸውም የማይታሙ ሰው ስለነበሩ ቄሰ ገበዝነቱን ሰጥተዋቸዋል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን እሳቸው ዘንድ አድሮ አያውቅም። ኃላፊነቱ በሳቸው ጫንቃ፣ ቁልፉ በደብሩ አስተዳዳሪ ቤት። ጠዋት ጠዋት የሌባ ልጅ ይመስል ቁልፍ ሊለምኑ ሲወጡ ከኋላቸው ማየት ያበግነኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያበግነኛል።

አንድ ክረምት የሰፈራችን ባልቴት አረፉ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ከትልቁ ወይራ ሥር ሲቆፍሩ ዶማቸው ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ መታ። ድንጋዩን ቢያንኳኩት ከሥሩ እንደ ከበሮ ድም አለ። ሙሾው ቀጥ አለ። ዝናቡ ያካፋል፣ ሰው ሁሉ ለቅሶውን ትቶ ጉድጓዱን ከበበ፣ እኔም በሰዎች እግር መሐል ሾልኬ ከፊት ቆምኩ።

አስተዳዳሪው «ቄሰ ገበዝ፣ እንግዲህ እግዜር ራሱ አሳየን» አሉ። «እርስዎ ያስነሡትና የአባትዎም ስም ይጥራ!»

ሕዝቡ እየተጋፋ የሚገባ መስሎኝ ነበር፤ ግዝቱን የፈራ ሁሉ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አያቴ ብቻ ወደ ጉድጓዱ ቀረቡ። እኔ በልቤ ይክፈቱት፣ ይክፈቱት እላለሁ። ብዙ ቆሙ። መቋሚያቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉና ሳያስነኩት መለሱት።

«አፈሩን መልሱ» አሉ በመጨረሻ። «ሙታን ያሰሩትን እኔ አልፈታም። ለእናታችን ሌላ ቦታ ቆፍሩላቸው።»

ከዚያ ወዲህ ሐሜቱ ረገበ። ለስማቸው ሲሉ እንኳ ግዝት ያልጣሱ ሰው፣ የእንዲህ ያለ ሰው አባትማ መስቀል አይሸጥም ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አስተዳዳሪው ራሳቸው ቁልፉን ይዘው ደጃችን መጡ፣ እናቴም ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ያን ዕለት ማታ ተረት አልነበረም። አያቴ በፍሙ ብርሃን ቁልፉን በመዳፋቸው ያገላብጡ ነበር።

«አባዬ፣ ለምን አላስከፈቱትም?» አልኳቸው። «መስቀሉ ቢወጣ ሁሉም አፍሮ ይገባ ነበር እኮ።»

ወደ እናቴ ዘወር ብለው እንደማትሰማ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባዶ ቢሆንስ?»

ዓይኔን ከቁልፉ ወደ ፊታቸው አነሣሁ።

«እኔ ያየሁት እጃቸውን ነው፣ ልጄ። አፈሩን አይቻለሁ። መስቀሉን አላየሁም።» ይህን ብለው አመዱን በፍሙ ላይ መለሱት።

ከዚያ በኋላ ያችን ወሬ ዳግመኛ አላወሯትም። ሊያርፉ ሲሉ አንድ ነገር ተናዘዙ፤ ከወይራው ሥር፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ እንዲቀበሩ። ሰው ሁሉ «ሞተውም መስቀሉን ሊጠብቁ ነው» ብሎ አደነቀ። እኔ ምን እየጠበቁ እንደሆነ አውቅ ነበርና አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። እስከ ዛሬም ለማንም አልተነፈስኩም።

አሁን ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የደብሩ አዲስ አስተዳዳሪ ደወሉልኝ። የሣር ክዳኑ ቤተ ክርስቲያን ጠቦ በሲሚንቶ አዲስ ሊሠራ ነው። «እህታችን፣ የአያትሽ መቃብር ከመሠረቱ ላይ ውሏል» አሉኝ። «አጽማቸውን በክብር እናነሣለን። ድንጋዩም ይነሣል፤ ግዝቱን ጳጳሱ ፈትተውታል። ሕዝቡ መስቀሉን በእልልታ ሊቀበል እየተዘጋጀ ነው። ከቤተሰብ አንቺ ተገኚልን።» ድምፃቸው ሠርግ እንደሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር። እሺ አልኩ። እምቢ ብልስ ምን ሊባል ነው?

ያኔ ጠዋት ጠዋት አመዱን የምጭረው እኔ ነበርኩ። አንዳንድ ቀን ፍሙ ቀልቶ ይጠብቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ግን ሌሊቱን ጠፍቶ ቀዝቃዛ አመድ ዘግኜ እነሣለሁ። ከላይ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ነው፤ እጄን ሳልሰድ የትኛው እንደሆነ አውቄ አላውቅም። የጠፋ ቀን እሳት ከጎረቤት እናመጣለን፣ ጎረቤትም አይነፍገንም። ከድንጋዩ ሥር ምንም ከሌለ ግን የጠራ ስማችንን ከማን እንደምለምን አላውቅም።

የቡሬ መንገድ በጸጥታው ችግር በዚህ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። በሽተኛ ያለበት፣ እህል የሚጭን፣ ሰው ሁሉ እንዲከፈት ይለምናል። ነገ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መናኸሪያው እሄዳለሁ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝግ ነው ተመለሺ እንዲሉኝ እየጸለይኩ ነው።