የመጨረሻዋ ቁራጭ

ዛሬ ኢምባካሲ ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ፊት ለፊት ባለችው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳዬን ስበላ፣ ሳላስበው አንዲት የጥብስ ቁራጭ በጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ በማዶ በኩል ወዳለው የትሪው ጠርዝ አደረስኳት፤ ማዶ ግን ከባዶ የፕላስቲክ ወንበር በቀር ማንም አልነበረም። ይህችን እጄን አውቃታለሁ። የኮሌጅ ቡድናችን አጥቂ ሳለሁ፣ በእግሬ ሳይሆን በዚህች እጅ አመል ከቡድን ልባረር ደርሼ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ፓርክላንድስ ሰፈር፣ ከአባቴ የመለዋወጫ ሱቅ በላይ ነበር። እቤታችን ትሪው መሃል የምትቀረው የመጨረሻ ቁራጭ ሥጋ የማንም አልነበረችም። አባቴ ወደ እናቴ ይገፋታል፣ እናቴ ወደ እኔ፣ እኔ መልሼ ወደ አባቴ፤ «በሞቴ»፣ «ኧረ ጠግቤያለሁ»፣ «እኔ ልሙት» ስንባባል ቅባቱ ይረጋል፣ ሥጋዋም ቀዝቅዛ የጎረቤት ድመት ሲሳይ ትሆናለች። እንዲህ ያደገ ልጅ ታዲያ ጎል ፊት ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ምን ያደርጋል? ቀና ብሎ የተራበ ሰው ይፈልጋል። ፈጣን ነበርኩ፣ በግራም በቀኝም እመታለሁ፣ ተከላካይ ማለፍ አይከብደኝም፤ ከግብ ጠባቂው ጋር ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ኳሷን ለጓደኛ እሰጣለሁ፣ ጓደኛ ካልደረሰም ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አሰልጣኛችን ኮች ሙቱዋ ኮፍያውን መሬት ላይ ይወረውርና «ፎርዋርድ ነህ ወይስ ዌይተር?» ይለኛል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ማታቱ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሥር ብቻዬን ተቀምጬ እቤቴ እገባለሁ።

ነገሩ የገባው ኦቲዬኖ ብቻ ነው። የመሃል ተጫዋቻችን ነበር፤ ከኪሱሙ የመጣ፣ ረጅም፣ ሳቁ ከመሰማቱ በፊት ትከሻው የሚስቅ ልጅ። አንድ እሁድ ምሳ ጋብዤው መጣ። ያቺ ቁራጭ በትሪው ዙሪያ ስትሽከረከር ዓይኑን ተክሎ አያት፣ ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር አንስቶ ዋጣት። ከዚያ አባቴ፣ ለደንበኛ እንኳ ፈገግ የማይል ሰው፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኦቲዬኖ ወደ እኔ ዞረና «ኩምቤ! ለካ ኳሷንም እንዲህ ነው የምታቀዘቅዛት» አለኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር፤ ኮች ሙቱዋ፣ ጎል ፊት አንዴ ካቀበልክ ማሊያውን ትመልሳለህ ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ ሊያየኝ መጥቷል፤ ክራቫት አስሮ፣ ለቅሶ የመጣ ይመስል እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኦቲዬኖ ኳሷን አቀበለኝና በቀኜ በኩል ሮጠ። ሁለት ተከላካይ አልፌ፣ ግብ ጠባቂው ወጥቶብኝ፣ ቀና ስል ኦቲዬኖ ባዶ ጎል ፊት ብቻውን ነው። እግሬ ልስጠው ብሎ ሲነሣ እሱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ፣ በአማርኛ፣ በእናቴ ቅላጼም «ጠግቤያለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ኳሷን መታኋት። መረቡ ሲወዛወዝ ከሜዳው ጠርዝ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ «በላት! በላት!» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጎል አገባሁ፤ ቀና ብሎ ማየትም ተውኩ። አጥቂ ሜዳ ላይ ካሉት ሁሉ ይበልጥ ብቸኛ መሆኑን የተማርኩትም ያኔ ነው፤ ኳሷ እስክትመጣ ድረስ ከማያውቃቸው ተከላካዮች መሃል ቆሞ የገዛ ትንፋሹን ያዳምጣል። በኋላ ጉልበቴ ተጠመዘዘ፣ እንደ ድሮው አልዳነልኝም፣ ኳሱም እዚያው ቀረ። ኦቲዬኖ ሞምባሳ ሥራ አገኘ፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ከዚያ በየበዓሉ፣ አሁን መደወሉም ቀርቷል። አባቴና እናቴ ሱቁን ሸጠው አዳማ ገቡ። እዚያ ቁራጯን ለሁለት ይገፋፏት ይሆናል።

አስተናጋጇ መጥታ ትሪውን አየችና «ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጠግቤያለሁ» አልኩ እንደ ልማዴ፤ ከዚያ ቃል በኋላ ሁልጊዜ ይመጣ የነበረውን «በሞቴ» ሳላውቀው ጠበቅኩት።

«ሳዋ፣ እሺ» አለችና ትሪውን አንስታ ሄደች።