ኮምቦልቻን የማያውቀው ግምት

ከደሴ ኮምቦልቻ የወረድኩት የአንድ ትንሽ ክሊኒክ የካርድ ፕሮግራም እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረ ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ገና ቁጭ ሳልል ነገሩን ነገረችኝ። «ሁሉንም አይደለም እኮ። የአንዳንዱን ሰው ካርድ ወዲያው ያመጣል፤ የአንዳንዱን ሲፈልግ ግን ደንዝዞ ይቀራል።» እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ምሳ ይረሳኛል። ጨርሶ የተበላሸ ማሽን አይገርመኝም፤ ሰው መርጦ የሚያኮርፍ ግን ያጓጓኛል።

መስኮቱ ጋ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከሐርቡ ነው የመጡት፤ የስኳር ታማሚ ናቸው። ባለፈው ቀጠሯቸው ካርዳቸው ሳይገኝ ቀርቶ ሳይታዩ ተመልሰዋል።

«ወላሂ ልጄ፣ ዛሬም እንዳለፈው ከሆነ ሁለተኛ አልመጣም» አሉኝ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው፣ «ወይስ ይኸ ማሽን እስላም አይወድም?» ሠራተኛዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሠራተኛዋ ጽፋ የያዘቻቸውን የሚዘገዩ ስሞች ሳያቸው እውነትም አብዛኞቹ የሙስሊም ስሞች ነበሩ።

«አብሽሩ አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ብዬ መመርመሪያ መሣሪያዬን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩ። ዳታቤዝ፣ ማለትም ካርዶቹ ያሉበት የመረጃ ቋት፣ አንድ ሰው ፈልግ ሲባል ዝም ብሎ አይሮጥም፤ የትኛው መንገድ እንደሚያቀልለት አስቀድሞ ገምቶ ይመርጣል። መሣሪያው ያንን ምርጫ ይገልጥልኛል፤ ማሽኑ አገኛለሁ ብሎ የጠበቀውንና በእርግጥ ያገኘውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የአዛውንቱን ስምና ቀበሌ አስገባሁ። ስማቸው የነቢዩ ስም ነው፤ የአባታቸውም እንደዚያው። ማሽኑ የጠበቀው ጥቂት ሰው ነበር። ያገኘው ግን አገር ምድሩን ነው፤ ያንን ሁሉ ካርድ አንድ በአንድ ሲገልጥ ነበር የሚቆየው።

ጥቂት ይሆናሉ ያለው ማን ነው? ነገሩን ከሥሩ ስከተል ደረስኩበት። ፕሮግራሙን የተከሉት ሰዎች አዲስ አበባ ካለና ያ ስም ብዙ ካልነበረበት ሌላ ክሊኒክ ሲገለብጡት ግምቱንም አብረው አምጥተውታል፤ አሮጌው ኮምፒውተር እንዳይጨናነቅ ብለው ደግሞ የትኛው ስም ስንት ሰው እንዳለው አዲስ ቆጠራ እንዳያደርግ ዘግተውታል። ሐርቡ መንገድ ላይ ያንን ስም ቢጠሩ ግማሹ ሰው እንደሚዞር ማን ይንገረው! ማሽኑ ሃይማኖት መች ያውቃል፤ አገሩን ነው ያላወቀው። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቀና ስል አዛውንቱ መስኮቱ ጋ የሉም። ወደ በሩ እያዘገሙ ነው። ደነገጥኩ። በጥድፊያ ከክሊኒኩ ከራሱ መዝገብ እንደገና እንዲቆጥር አዘዝኩትና ፍለጋውን ደገምኩ። አሁን ስሙን ትቶ ከቀበሌያቸው ጀመረ፤ ካርዱም ወዲያው መጣ።

«አባባ! ካርድዎ ተገኝቷል!» ብዬ ጮህኩ።

ከበሩ ተመለሱ። ነርሷ ካርዱን አንብባ ጫማቸውን አስወለቀቻቸው። ከአውራ ጣታቸው ሥር የጠቆረ ቁስል ነበር። «መቼ ጀመረዎት?» ስትላቸው፣ እግራቸውን እያዩ፣ «ባለፈው የመጣሁት እኮ ይኸንኑ ላሳይሽ ነበር» አሏት።