በፋጡማ ስም ሲጠሩኝ

ተጠያቂዋ አሠሪዬ ማዳም ሐያት ናት። ስሟን በድፍረት የምጽፈው አማርኛ ስለማታነብ ነው፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላነብም ነበር።

ዛሬ እዚህ ሳዑዲ፣ ኾበር ሆስፒታል «ፋጡማ» ተብሎ ሲጠራ ማዳም በክርኗ ጎሸመችኝ። «አቤት» አልኩ።

ፋጡማ ከእኔ በፊት በዚህ ቤት ስትሠራ የሞተች የወሎ ልጅ ናት፤ አላህ ይርሐማት። ራሷን ሲያማት ሰንብቶ ወጥ ቤት ውስጥ እንደወደቀች የጎረቤት ሠራተኞች ነግረውኛል።

ጉልበቴን ብታመም ማዳም በፋጡማ ካርድ አስገባችኝ። ለማዳም ሠራተኛ ሁሉ አንድ ሰው ነው።

ድሮ ሐኪም በወረቀት ይሞነጫጭር ነበር፤ የተማረውም ያልተማረውም አያነበውም፣ እኩል ነበርን። ዘንድሮ ኮምፒውተር ገባና ሐኪም ያዘዘው ሁሉ፣ የቆየውም ጭምር፣ መድኃኒት ቤቱ ስክሪን ላይ ይታያል።

መድኃኒት ሰጪው ግብፃዊ ስክሪኑን አይቶ ቀና አለ። «የደም ግፊት መድኃኒትሽን ለምን ሳትወስጂ ቀረሽ? ይሄ እኮ ይገድላል» አለኝ።

ማዳም ቀደመችኝ። «ሰነፍ ናት፤ ቡክራ ቡክራ፣ ነገ ነገ ትላለች» አለችው።

ሐኪም ቤት ውሰጂኝ፣ መድኃኒት ግዢልኝ ስትባል «ቡክራ» የምትለው ማን እንደሆነች እዚህ ቤት የሠራ ያውቃል።

የጉልበቴንም የግፊቱንም ክኒን አንድ ላይ ሰጠኝ።

አሁን ክፍሌ ገብቻለሁ፤ ድሮ የእሷ ክፍል ነበር። ከረጢቱ ላይ የታተመውን ከአማርኛው ጋር በስተርጅና በቆጠርኩት የእንግሊዝኛ ፊደል እየገጣጠምኩ አነበብኩት። ፋጡማ ይላል። የግፊት ክኒኗ ዛሬ ደረሰላት።

እህቶቼ፣ በሌላ ሰው ስም የታከማችሁ ካላችሁ እስኪ ጻፉልኝ። እኔ ግን ከእንግዲህ ፋጡማ ሲሉኝ አቤት አልልም።