ከሾላው ሥር የጠበቅሁት ሚዜ

ዓባይን ሰው ማሻገር ሥራዬ ነበር። ድልድዩ ሳይሠራ ከወሎ ቦረና ወደ ጎጃም የሚወርድ ሰው፣ ለገበያም ይሁን ለለቅሶ፣ ውሃው ዳር ሲደርስ እኛን ይጠራል። የተነፋ ስልቻ ደረቱ ሥር እናደርግለታለን፤ እሱ ስልቻውን አቅፎ እግሩን ያንቦጫርቃል፣ እኛ ከጎኑ እየዋኘን እንገፋዋለን። ሥራው የራሱ ሕግ አለው። አሻጋሪ ከውሃ ቀድሞ አይወጣም። ያሻገረው ሰው ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ፣ ዞር ብሎ «ደርሻለሁ» እስኪለው ድረስ ወገቡን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ይጠብቃል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ስሠራው ገባኝ። ብዙ ሰው የሚሰምጠው ደረስኩ ብሎ ስልቻውን የለቀቀ ጊዜ ነው።

ጎልመስ ስል ወንዙን ትቼ መካነ ሰላም ገባሁ። ፍየል እነግድ ነበር። ትምህርት የለኝም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኳትን ፊደል ይዤ ነው ይህንንም የምጽፈው፤ ቀስ እያልኩ።

ሚዜዬ ገበያው አጠገብ ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን ሰው ነበር። ሙሽራዬን ከወግዲ በበቅሎ ሳመጣ ከጎኔ የነበረ እሱ ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። እኛ አገር ይህ ወሬ አይደለም። ቤቱ ድግስ ሲኖር ለእኔ የሚሆነውን በግ እስላም ጠርቶ ያሳርድልኛል፤ እኔም ዒድ ሲመጣ እንደዚያው ለእሱ ክርስቲያን ጠርቼ አሳርዳለሁ። ስንማማል ደግሞ እሱ ለእኔ «ወላሂ» ይላል፣ እኔ ለእሱ «በማርያም» እላለሁ። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። የመከባበር ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሁሉም ሰው አንድ ለአምስት ተደራጅ በሚባልበት ዘመን ነው ነገሩ የመጣው። ከዓረብ አገር የተመለሰ አንድ የአገራችን ልጅ፣ እዚያ ሾፌር ሆኖ ሲሠራ ፈረንጆች ባሕሩ ጠርዝ ላይ ሲወዳደሩ አይቶ ኖሯል። መጀመሪያ ይዋኛሉ፣ ከውሃ ወጥተው ብስክሌት ይነዳሉ፣ ከብስክሌት ወርደው ይሮጣሉ፤ ማረፍ የለም። «እኛስ ምን ጎደለን? ዓባይ አለን፣ ዳገት አለን» አለ። ወረዳዎቹም ነገሩን ወደዱት። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤ ዓባይን ከጎጃም ወደ እኛ በዋና፣ ከወንዙ እስከ ዳገቱ አናት በብስክሌት፣ ከዚያ እስከ መካነ ሰላም በእግር።

ሚዜዬ የዚያኑ ዕለት የፍየል ተራው ድረስ መጣ።

«አንተ ውሃውን ታውቃለህ፣ እኔ ብስክሌቱን አውቃለሁ» አለኝ።

«ሩጫውንስ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል። አትፍራ አቦ!»

ባለቤቴ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሁለት ሽማግሌ በአንድ እብደት! የአንዳችሁን ሬሳ ማን ተሸክሞት ዳገቱን እንደሚወጣ ከአሁኑ ተነጋገሩ» አለችን። ያኔ እንኳ ሽማግሌ አልነበርንም፤ ልጆቻችን ግን ለትዳር ደርሰው ነበር።

ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከኮርቻው ይዞ እየሮጠ፣ ስወድቅ እያነሳ፣ «ጎማውን አትየው፣ መንገዱን እይ» እያለ። አንድ ቀን አፈር ላይ እንደተዘረጋን ተስማማን። አንዳችን ሌላውን ጥለን አንሄድም፤ አንደኛ ብንወጣም መጨረሻ ብንሆንም እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው ከተማ የምንገባው።

«ወላሂ» አለኝ።

«በማርያም» አልኩት።

ለእኔ ነገሩ ትልቅ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አድርሼ ብቻዬን የተመለስኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ከሰው ጋር አብሬ መድረስ አምሮኝ ነበር፤ ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

ጥር ላይ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ጎህ ሳይቀድ በአይሱዙ ተጭነን ቆላ ወረድን። ድልድዩን ይሠሩ የነበሩት የመንገድ ሠራተኞች በጀልባቸው ማዶ አደረሱን። ተማሪዎች ነበሩ፣ ሚሊሻ ነበር፣ አንድ አስተማሪም ነበር። ከዳር የቆመው ሕዝብ አዞ እንዳይጠጋ ድንጋይ እየወረወረ ይጮኻል። ፊሽካው ተነፋ፣ ገባን።

መሐል ላይ ሚዜዬን ውሃው አስፈራው። ልጅ ሆኖ ኩሬ ውስጥ የለመዳት ዋና ነች ያለችው፤ ወራጅ ውሃ ሌላ ነው። ዞሮ አንገቴን አነቀኝ።

«አንገቴን ልቀቅ! ትከሻዬን ያዝ!»

«ሞትኩ! ሚዜዬ ሞትኩልህ!»

«አብሽር፣ አልሞትክም። የሞተ ሰው እንዲህ አይጮህም!»

ከድንጋጤው መሐል ሳቀ፤ ሲስቅ እጁ ላላ። ስልቻ የለም፣ ጀርባዬን ስልቻ አደረግሁለት። ወጣቶቹ ሲቀድሙን አየሁ፤ ግድ አልሰጠኝም። ዳር ስንደርስ ገፍቼ አወጣሁትና እንደ ልማዴ ውሃው ውስጥ ቆምኩ። አሸዋው ላይ ተንበርክኮ የዋጠውን ውሃ እያሳለ ተፋ፣ ከዚያ ቆሞ ዞረና «ደርሻለሁ» አለኝ፤ ልማዱን ያውቃል። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያ እንባ ውሸት እንዳልነበር ዛሬም አምናለሁ።

ብስክሌቱ ላይ ተራው የእሱ ሆነ። መንገዱ ገና ኮረኮንች ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከነዳነው የገፋነው ይበልጣል። የብስክሌቴ ካቴና ሲወልቅ ወርዶ ይመልስልኛል፣ ዳገቱ ሲከብደኝ በአንድ እጁ የእኔንም ይገፋልኛል። ወጣቶቹ በየጠመዝማዛው ጎማቸው ፈንድቶ፣ ወይ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ተቀምጠዋል። አንዱ ተማሪ «አባቶች፣ ፓምፕ አላችሁ?» ብሎ ሲለምነን ሚዜዬ ወርዶ ጎማውን ነፋለት። ይህን የምጽፈው ሰውየው ክፉ እንዳልነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ዳገቱ አናት ብስክሌቶቹን አስረክበን ሩጫ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ያ ከዓረብ አገር የተመለሰው ልጅ በሞተር ደረሰብንና በድምፅ ማጉያው ጮኸ። «ከፊታችሁ ማንም የለም! እናንተ ሽማግሌዎች፣ አንደኛ ናችሁ!»

እኔ ሳቅሁ። ሚዜዬ አልሳቀም። ወደ መንገዱ አየ፤ ወደ ኋላችን አየ፤ መሮጡን ቀጠለ።

ብዙም ሳንርቅ ባቴን ቁርጠት ያዘኝ። ወደቅሁ። ሚዜዬ ተቀምጦ አሸልኝ፤ እጁ ከእግሬ ላይ፣ ዓይኑ ግን ከመንገዱ ላይ ነበር።

«አንተ ቀስ እያልክ ና» አለኝ። «እኔ ሰውነቴ እንዳይቀዘቅዝ ልቅደምና ከሾላው ሥር እጠብቅሃለሁ። ከዚያ አብረን እንገባለን።»

«ሂድ። ግን ጠብቀኝ።»

«ወላሂ እጠብቅሃለሁ።»

ሾላው ከከተማው ወዲህ መንገደኛ ሁሉ የሚያርፍበት ትልቅ ዛፍ ነው። እያነከስኩ ደረስኩ። ማንም የለም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ስታነቡ ሞኝ ትሉኝ ይሆናል። ጥሎኝ ሄዷል የሚል ነገር በልቤ አላለፈም። ከሾላው በታች ምንጭ አለ፤ ውሃ ሊጠጣ ወርዷል ብዬ አሰብኩ። «ሚዜዬ!» ብዬ ተጣራሁ። ሲመለስ ቢያጣኝ ጥሎኝ ሄደ ይላል ብዬ ፈራሁና ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ እሱን ላለመክዳት የተቀመጥኩት!

ሚሊሻው ደረሰብኝ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ይነሱ እንጂ!»

«ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«በውድድር መሐል?» አለና ራሱን እየነቀነቀ አለፈ። ጎማውን የነፋንለት ተማሪም አለፈ፤ «በርቱ አባቴ» አለኝ። እኔ ወደ ምንጩ ነው የማየው። ቆይቶ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ወድቆ ይሆን? ልቡ ደክሞ ይሆን? ያረቢ ብዬ ተነሳሁና፣ ከተማውን ጀርባዬ ሰጥቼ፣ እሱን ፍለጋ ወደ ምንጩ ቁልቁል ወረድኩ።

አንዲት ሴት ጀሪካን ትሞላ ነበር።

«እህቴ፣ እንደ እኔ ቁምጣ የለበሰ ሰው እዚህ አልወረደም?»

«ያ ራሰ በራው? እሱማ ቅድም አለፈ እኮ! እኔ እላይ መንገዱ ዳር ነበርኩ። ውሃ ዘረጋሁለት፣ ጊዜ የለኝም ብሎኝ በረረ።»

«ከሾላው ሥር አልቆመም?»

«ኧረ ምን ሊቆም! ፊቱንም አላዞረ።» ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። «ምነው፣ የሥጋ ዘመድዎ ነው?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ውሃውን ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ።

የቀረውን መንገድ ተራመድኩት። ባቴ ለቆኝ ነበር፤ መሮጥ እችል ነበር፤ ወደ ማን ልሩጥ? ከተማው ዳር ስደርስ ከአደባባዩ እልልታና ጭብጨባ ይሰማል። ስጠጋ ሚዜዬን ወጣቶች ትከሻቸው ላይ አድርገውታል፣ ጋቢ አልብሰውታል። ከላይ አየኝ።

«ይኸው ሚዜዬ! ከዓባይ ያወጣኝ እሱ ነው፣ ለእሱም አጨብጭቡለት!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወርዶ አቀፈኝ፣ ላቡ ፊቴን ነካኝ።

በጆሮው ጠየቅሁት። «የት ነው የጠበቅኸኝ?»

በጆሮዬ ቢመልስልኝ ኖሮ፣ አቃተኝ፣ አንደኛ መውጣቱ አጓጓኝ ቢለኝ፣ ያኔውኑ ይቅር ብዬው ነበር። እሱ ግን ቀና አለና ሰው ሁሉ እንዲሰማ አደረገው።

«ታዲያ ወላሂ ብዬ እኮ ነው የማልኩልህ! በማርያም ብዬህ ቢሆን እጠብቅህ ነበር!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ጥሩ ቀልድ ነበር፣ አልዋሽም። እኔ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ እግሬን በሙቅ ውሃ ስታሸኝ፣ «ቀደመህ፤ ቢቀድምህስ? ምን ጎደለህ?» አለችኝ። ላስረዳት አልቻልኩም። ሩጫውማ ሩጫ ነው። እኔን ያመመኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስበው ነው። ልጄ ስትታመም «ወላሂ ትድናለች» ብሎኝ ነበር። ሰዎች እኔን ሲያሙ «ወላሂ አንተን አላማሁም» ብሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በእኔ መሐላ ሲምልልኝ አከበረኝ ብዬ ነበር። ለራሱ መውጫ እየተወ ኖሮ ይሆን? ቀልድ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል።

ዓመቱ ዞሮ ውድድሩ ሲነገር በሬ ድረስ መጣ። «ዘንድሮስ?» አለ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

«እኔ አልገባም። አንተን ግን ዋና ላስተምርህ» አልኩት።

«ቂም ይዘሃል እንዴ?»

«ቂም ብይዝ አስተምርሃለሁ?»

ቆላ ወርደን ውሃው ከሚያርፍበት ገደል ሥር እየሄድን አስተማርኩት። እንዴት ትንፋሽ እንደሚያዝ፣ ወራጁን እንዴት በሰያፍ እንደሚቆርጡት፣ ሲደክም በጀርባ እንዴት እንደሚተኛ። አባቴ ካሳየኝ ውስጥ አንድ ነገር አልደበቅሁትም። ሳያጓድል ተማረ። አንድ ቀን ወዲያና ወዲህ ብቻውን ዋኝቶ ተመለሰ፤ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ነበር፤ እግሬን እንኳ አላረጠብኩም።

ቁምጣውን እየጨመቀ፣ «እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንተንም አልፈልግህ!» አለኝ።

«እሱን ነው ያስተማርኩህ» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሽቅብ መንገዱን አብረን ወጣን፤ እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ከተማው ስንደርስ «ና ሻይ እንጠጣ» አለኝ። ፍየሎቼ አልገቡም አልኩትና ወደ ቤቴ ታጠፍኩ።