የልጅ ልጄን ለኢንተርቪው ሳሰናዳ

የልጅ ልጄ በውሃ ምህንድስና ተመርቃ ወደ ነገሌ ከተመለሰች ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ፣ ዶሎ ኦዶ ላይ ለስደተኞች ውሃ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራት። በዚያ ዓመት ያላመለከተችበት ቦታ አልነበረም፤ የጠራት ግን ይህ ብቻ ነው። ይህም ካመለጣት በአጎቷ ሱቅ የሞባይል ካርድ ስትሸጥ እንደምትቀር በቤታችን ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገረውም ሁሉም ያውቀው ነበር።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ደጄ ደርሶ ዝም ብዬ የማሳልፍ ሰው አይደለሁም። ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት ያደግሁ፣ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ በዚህ ቆላ የወታደር ቤተሰብ ልጆችን ፊደልና ዳዊት ያስቆጠርሁ መሪጌታ ነኝ። ስለ ቧንቧ የማውቀው ሲከፈት ውሃ እንደማይመጣ ብቻ ቢሆንም፣ በፈተና ነገር ግን ከእኔ ወዲያ ላሳር ብዬ አምን ነበር።

ልጅቱ የተለመዱትን ጥያቄዎች ወደ አማርኛ መልሳ በወረቀት ጻፈችልኝና፣ “አባባ፣ እርስዎ እያነበቡ ይጠይቁኝ፤ እኔ ልመልስ” አለችኝ። ከእኔ የተፈለገው ይህ ብቻ ነበር። በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከአጥሬ ጎን ሱቅ ያላቸው የጉራጌ አገር ሰው፣ እኩያዬ ሐጂ፣ ሳይጠሩ መጥተው ሦስተኛ ሆኑ።

“ስለ ራስሽ ንገሪን” ብዬ አነበብሁ።

“የውሃ መሐንዲስ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት . . .” ብላ ስትጀምር አስቆምኋት።

“ልጄ፣ ከሌላ ደብር የመጣ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ‘ከማን ተማርህ?’ ተብሎ ነው። መምህሩን ይጠራል፤ የመምህሩንም መምህር ይጠራል። ራሱን ያስቀደመ ገና ሳይሰማ ይናቃል። አንቺም ከመምህራንሽ ጀምሪ።”

“አባባ፣ ግማሾቹ እኮ እኔን አያውቁኝም።”

“ቢሆንም።”

ሐጂ ሳቁ። “የኔታ፣ እርስዎ ልጅቱን ለድቁና እያሰናዷት ነው። እኔ ሳሙና ስሸጥ የፋብሪካውን የዘር ሐረግ ብቆጥር፣ ደንበኛዬ ማዶ ሱቅ ይሻገራል።”

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ዐለፍሁ። ለሥራው ብቁ ነኝ ብላ ታምን እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ይህን በሚገባ አስረዳኋት፦ በማኅሌት “ይምሩ” የተባለ አዋቂ ወዲያው አይጀምርም፤ “እርስዎ እያሉ” ብሎ ለጎኑ ያሳልፋል፤ ያም መልሶ ለእርሱ ያሳልፋል፤ ደጋግሞ ሲለመን ብቻ ድምፁን ያነሣል። ስለዚህ “ከእኔ የተሻሉ አሉ” ትበል፤ ሲለምኗት ትቀበል።

“ካልለመኑኝስ?” አለች።

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ብሻገር የባሰ ሆነ። “ድክመትሽ ምንድን ነው?” ይላል። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት። “ይህን የሚጠይቅ የንስሐ አባት ነው። ሥልጣነ ክህነት የሌለው ሰው በምን መብቱ ይጠይቃል?” አልሁ።

“‘ሥራ ከያዝሁ ዕረፍት አላውቅም፤ ድክመቴ እሱ ነው’ በዪ” አሉ ሐጂ። “የእህቴ ልጅ እንዲያ ብሎ ነው ባንክ የገባው።”

“ይህማ ትዕቢትም ሐሰትም ነው። በአንድ ቃል ሁለት ኃጢአት።”

“በአንድ ቃል አንድ ደመወዝ” አሉ ሐጂ።

ልጅቱ ሁለታችንንም ትታ ቤት ገባች። በመስኮቱ በኩል ለመስተዋት ስለ ፓምፕና ስለ ጉድጓድ ጥልቀት ስትናገር ይሰማ ነበር። ሐጂና እኔ ግን በድክመት ላይ ክርክራችንን እስኪመሽ ቀጠልን።

በቀጠሮው ዕለት፣ “ብቻዬን እሄዳለሁ” ብትለኝም ጥምጣሜን ጠምጥሜ፣ መቋሚያዬን ይዤ ተከተልኋት። ኢንተርቪው የሚደረገው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። በግቢው ፋይላቸውን ታቅፈው ወረፋ የሚጠብቁት ወጣቶች ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ፤ ፈታኝ መስያቸው እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የልጅቱ ተራ ደርሶ ሊጠራት የወጣው የፈታኞቹ ሰብሳቢ የቦረና ልጅ ነበርና፣ ሽማግሌን ደጅ አቁሞ መግባት አልሆነለትም።

“አካም፣ ናጋ? አባቴ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ። ገብተው ይመርቁንና ሥራችንን እንቀጥል” አለኝ።

እዚህ ላይ፣ እስክትለመን እንድትጠብቅ ልጅቱን ያስተማርሁት ሰውዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ “ይቅርብኝ” ሳልል ገባሁ።

ፈታኞቹ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ልጅቱ ከወዲህ፣ እኔ በመካከል ቆምሁ። ድርጅቱን መረቅሁ፤ ፈታኞቹን ከነልጆቻቸው መረቅሁ። የአሬሮ ከብት እንዲጠግብ፣ ፊልቱ ላይ ዝናብ እንዲጥል ለመንሁ። ውሃ ካነሣሁ ዘንድ ብዬ፣ ከዓለት ውሃ ያፈለቀውን አምላክ ሥራ በሰፊው ተረክሁ። ከዚያም ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነች መሰከርሁ። ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ ሰዓቱን ሲያይ፣ ምርቃቴ ልቡን የነካው መስሎኝ ጨመርሁለት። የልጅቱን እግር ግን አየሁት፤ ከወንበሩ ሥር ሲሚንቶውን እየመታ ነበር። ያን ጊዜ ነው “አሜን” ያልሁት።

ውጭ ወጥቼ ስቀመጥ አንዱ ተፈታኝ፣ “አባቴ፣ ለእያንዳንዳችን የተሰጠን ጊዜ በጣም አጭር ነው አሉ” አለኝ። ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን ደቂቃ የበላሁት እኔ እንደሆንሁ ዐወቅሁ። ዳዊቴን አውጥቼ ገለጥሁ፤ ዓይኔ ግን ከበሩ አልተነሣም። ልጅቱ ወዲያው ወጣች፤ ከእርሷ በፊት የገባው ልጅ የቆየውን እኩሌታ እንኳ አልቆየችም።

ገበያውን እስክናልፍ ታገሥሁ። በመጨረሻ አልቻልሁም።

“ምን ጠየቁሽ?”

“ጊዜ ስላልነበረ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ።”

“ምን የሚል?”

“‘የመንደሩ ሰው ጉድጓድ እንዲቆፈርለት የመረጠው ቦታ ውሃ የለውም እንበል። ይህን ልትነግሪያቸው ስትነሺ አንድ ሽማግሌ ቀድመው ንግግር ይጀምራሉ፤ ንግግሩም አያልቅም። ምን ታደርጊያለሽ?’ አሉኝ።”

መቋሚያዬን ተደግፌ ቆምሁ። “ምን መለስሽ?”

“‘እስኪጨርሱ እሰማለሁ። ስለ ድሮ ጉድጓድና ስለ ጎርፍ መውረጃ የሚያነሡት ነገር አይጠፋም፤ እሱን እይዛለሁ። ከዚያ መለኪያውን ይዤ እሳቸውን ከፊት አድርጌ ቦታውን በእግራችን እናያለን’ አልኳቸው። ሰብሳቢው ‘እስኪጨርሱ መታገሥ ትችያለሽ?’ አለኝ።”

“እሺ?”

“‘ልምድ አለኝ’ አልኩት።”

ሳምንት ሳይሞላ ተደወለላት፤ ለሙከራ ጊዜ ተቀጠረች። ሐጂ ይህን የሰሙት ከእኔ ነው። ስነግራቸውም የምርቃቴን ኃይል በተመለከተ ጥቂት አብራርቼ ነበር።

ወደ ዶሎ ኦዶ በምትሄድበት ጠዋት ሐጂና እኔ መናኸሪያ ሸኘናት። እጄን ዘርግቼ ገና “እግዚአብሔር” ስል ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ እሷም ጉልበቴን ስማ ተሳፈረች። አውቶቡሱ አቧራውን እየጎተተ በፊልቱ መንገድ ሄደ። የቀረውን ምርቃት ወደ ቤት ስንመለስ ሐጂ ሰሙት፤ ያን ዕለት ሱቃቸውን አርፍደው ከፈቱ።